የቤተ ሳይዳው ሜዳ



በዚህ ወር በእጃችን ከገቡት ደብዳቤዎች አንዱ ከአንዲት እመቤት የመጣ ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን አንጽፈውም። ባለቤታቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካቻምና በክረምት፣ ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ሊነጋጋ ሲል መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። እሳቸው ወገባቸውን ተጎዱ፤ ረዳታቸው የነበረው ልጅ ደግሞ በሕይወት ቢተርፍም አንድ እግሩ አንካሳ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኒህ አባወራ ከቤት አይወጡም። የጽዋ ማኅበራቸው ተራ ሲደርስ «ለሌላ ስጡልኝ» ብለው ላኩ። የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ ይመስላሉ። ቀኑን የሚያሳልፉት ከቴሌቪዥን ፊት ነው። እመቤቲቱ እንዲህ ሲሉ ያማርራሉ፤ «ሌላው ይቅርና ሕጉን እንኳ የማያውቁትን፣ ሰዎች በትር ይዘው በሣር ላይ ሲንሸራሸሩ የሚውሉበትን ጨዋታ ሳይሰለቹ ያያሉ። ልዝጋባቸው ወይስ ልተዋቸው?»

እኛስ ለጊዜው አይዝጉባቸው እንላለን። ይልቁንም ይህን ጽሑፍ አጠገባቸው ተቀምጠው ያንብቡላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሯጩንና የታጋዩን ነገር ምሳሌ አድርጎ እንዳስተማረ እናውቃለንና፣ የጨዋታ ነገር በዚህ ገጽ ቢነሣ የሚደነቅ አይሆንም።

ያ ጨዋታ ጎልፍ ይባላል። በገና በዓል ሜዳ ወጥቶ እሩር ሲመታ ያየ ሰው ጎልፍን ሲያይ የሩቅ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። በሁለቱም ጫፉ የጎበጠ በትር አለ፤ ትንሽ ድቡልቡል ነገር አለ፤ የሚመታ ክንድ አለ። ነገር ግን ዝምድናው እዚያ ላይ ያበቃል። የገና ጨዋታ የብዙ ሰው ጨዋታ ነው፤ ሎሌው ጌታውን ቢገፋው እንኳ ጌታው የማይቈጣበት፣ መንደር ከመንደር የሚጋፋበት ነው። በጎልፍ ግን ኳሱን የሚቀማ ባላጋራ የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ይመታል፤ ኳሱ ወደ ሄደበትም ይሄዳል፤ እንደ ገናም ይመታል፤ አፉ ወደ 11 ሳንቲሜትር በሚጠጋ ጉድጓድ ውስጥ እስኪያገባው ድረስ እንዲህ ያደርጋል። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው። ሁሉን በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሕጉ ከሚፈቅደው ጥቂት ነገር በቀር ኳሱ ከወደቀበት ቦታ ላይ መመታት አለበት፤ ከዛፍ ሥር ቢሆን፣ ከአሸዋ ጉድጓድ ቢሆን፣ ከረጅም ሣር ቢሆን አንሥቶ ወደ ተመቸ ቦታ ማዛወር አይቻልም። ሲሳሳት የሚያሳብብበት ወዳጅም ጠላትም አጠገቡ የለም። እንግዲህ ብቸኝነት የሚያጠቃው ሰው ሊመርጠው የሚችለው ጨዋታ ነው፤ የመረጠውም አለ።

ኬን ቬንቱሪ በ1931 በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። ልጅ ሳለ ምላሱ እየተሳሰረ አጥብቆ ይንተባተብ ነበር። አጥርቶ ለመናገር ከቶ እንደማይችል ለእናቱ ተነገራቸው። ልጁም ሰው እንዳይስቅበት ብቻውን ሊጫወተው የሚችለውን ጨዋታ መረጠ፤ በትርና ኳስ ይዞ ወደ ጎልፍ ሜዳ ወጣ።

በ1956፣ ገና ለገንዘብ መጫወት ሳይጀምር፣ በጆርጂያ ግዛት በኦጉስታ ከተማ በሚደረገው ማስተርስ በተባለው ታላቅ ውድድር እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በአራት ምት ሲመራ ቆየ። በመጨረሻው ቀን ግን 80 ምት መታና በአንድ ምት ተሸነፈ። በ1960 በዚያው ሜዳ እንደ ገና በአንድ ምት ተሸነፈ። በ1961 የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያም በላይ ሕመም ተጨምሮ አካሉ እንደ ልቡ የማይታዘዝለት ሆነ። የሚያውቀው አመታት ከእጁ ጠፋ። በ1963 ዓመቱን ሙሉ ተጫውቶ ያገኘው ሽልማት 4,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። ቀድሞ ያጨበጨቡለት ሰዎች ሲያዩት መንገድ ይለውጡ ጀመር። እርሱም ወደ መጠጥ አዘነበለ።

እመቤት ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

ከውድቀቱ ባነሣው ነገር ውስጥ የሦስት ሰዎች ቃል ይገኛል። አንደኛው የአባቱ ነው፤ ጨዋታውን ልተወው ነው ባላቸው ጊዜ፣ መተው ብቻውን ምንም ተሰጥዖ የማይጠይቅ ነገር እንደ ሆነ ነገሩት። ሁለተኛው የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው፤ መጠጥ በመሸጥ የሚኖረው ሰው ራሱ ስጦታህን እያባከንህ ነው ብሎ ገሠጸው። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጻፍ ጥቂት ያሳፍራል። ይሁን እንጂ እኛ ዝም ባልንበት ቦታ ሌላው እንደሚናገር ማወቁ ለእኛም ተግሣጽ ነው። ቬንቱሪም ዳግመኛ እስኪያሸንፍ ድረስ መጠጥ እንዳይቀምስ ለራሱ ቃል ገባ። ሦስተኛው አባ ፍራንሲስ መሬይ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። በ1964 የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር በሚደረግበት ሳምንት ስድስት ገጽ ደብዳቤ ጻፉለት። የደብዳቤው ዋና አሳብ፣ በጥርጣሬና በተስፋ መቍረጥ የሚታገሉ ብዙ ሰዎች በዓለም እንዳሉ፣ እርሱም ቢያሸንፍ ለእነዚያ ሁሉ ብርታት እንደሚሆናቸው የሚያስረዳ ነበር። ታሸንፋለህ ብለው ትንቢት አልተናገሩም። ውድቀቱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቢቆምም ለብቻው እንደማይቆም አመለከቱት እንጂ።

ያ ውድድር የተደረገበት ሜዳ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። የቦታውን ስም ፈረንጆች «ቤተዝዳ» እያሉ ይጠሩታል። ስሙን ያገኘው ከአንድ የጸሎት ቤት ሲሆን፣ የጸሎት ቤቱም ስም የተወሰደው ከወንጌል ነው፤ ይኸውም እኛ ቤተ ሳይዳ የምንላት የኢየሩሳሌም መጠመቂያ ናት። በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ ስለ መጻጉዕ ስንሰማ የምናስባት እርሷን ነው። ያ ሰው 38 ዓመት ታሞ ተኝቶ ሳለ ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ቢጠይቀው፣ ስለ ሕመሙ ጽናት አልተናገረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው እንጂ። በዚያ ሰው አፍ የከበደው በሽታው ሳይሆን ብቸኝነቱ ነበር።

በዚያ ዘመን የውድድሩ መጨረሻ ቀን ከባድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ፣ ማለት የሜዳውን ዙር ሁለት ጊዜ ይጫወቱ ነበር። ይህም በእግር ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። ጁን 20 ቀን 1964 ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠጋ፤ አየሩም ወበቅ የሞላበት ነበር። ቬንቱሪ በጧቱ ዙር በ66 ምት ድንቅ ጨዋታ ተጫወተ። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ላይ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃን የማይስታቸውን አጫጭር ምቶች ሳተ። በዕረፍቱ ጊዜ ከልብስ መለወጫው ክፍል ወለል ላይ ተዘረረ። ጆን ኤቨሬት የተባሉ ሐኪም መርምረውት፣ ወደ ሜዳው ቢመለስ ለሕይወቱ የሚያሰጋ መሆኑን አስጠነቀቁት። እርሱም ከዚህ በፊት ከኖረበት ኑሮ ሞት የሚከፋ አልመሰለውምና ተነሣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። ሐኪም ተኛ ሲል መነሣት የሚመሰገን ነገር ነው አንልም፤ የሐኪምን ቃል የናቀ ብዙ ሰው ቀብረናል። እኛ የምናደንቀው ሐኪሙን ነው። ምክሬን አልሰማህም ብለው አልተለዩትም። በበረዶ የራሰ ፎጣና የጨው ኪኒን ይዘው 18ቱን ጉድጓድ አብረውት ዞሩ። እርሱ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ሲራመድ እሳቸውም ቀስ አሉ። የነፍስ አባቶችና የማኅበር ወንድሞች ይህን ሐኪም ቢያስቡት መልካም ይመስለናል። ምክር የማይሰማ በሽተኛ ገጥሟቸው ያውቃልና።

በመጨረሻው ጉድጓድ ኳሱ በገባች ጊዜ ቬንቱሪ በትሩን ከእጁ ጥሎ እግዚአብሔርን እየጠራ ማሸነፉን ለራሱ ተናገረ። ጎንበስ ብሎ ኳሱን ለማውጣት ግን አልቻለም። አብሮት ይጫወት የነበረው የ21 ዓመቱ ወጣት ሬይሞንድ ፍሎይድ ኳሱን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሰጠው፤ ቬንቱሪም ቀና ብሎ ሲያየው ወጣቱ እያለቀሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በጎልፍ ሕግ እያንዳንዱ ተጫዋች የምቶቹን ቍጥር አረጋግጦ መፈረም አለበት፤ በእውነት ከመታው አሳንሶ የፈረመ ሰው ከውድድሩ ይወጣል። ቬንቱሪ ወረቀቱን ትክ ብሎ ቢያይ አንዱም ቍጥር አልታወስ አለው። ሊፈርም ፈራ። የማኅበሩ ኃላፊ ጆ ዴይ ከኋላው ቆመው ትክክል ነው፣ ፈርም አሉት፤ ፈረመ። በአራት ምት አሸነፈ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1965፣ ውድድሩ አራት ቀን እንዲሆን ተደረገ።

እንግዲህ ቍጠሯቸው። አባት፣ የመጠጥ ቤት ሰው፣ ቄስ፣ ሐኪም፣ ወጣት ተጫዋች፣ ከኋላ የቆመ ሰው። ብቻውን ይሆን ዘንድ ያን ጨዋታ የመረጠው ልጅ በቤተ ሳይዳ ሜዳ ላይ ስድስት ሰው ተሸክሞታል።

አንዳንድ አንባቢ ጸልዮ ስለ ነበር አሸነፈ ብሎ እንዳይፈርድ እንሠጋለን። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መጸለዩ ይነገራል። ሆኖም ሁለተኛ የወጣው ቶሚ ጃኮብስ አልጸለየም ብሎ የሚናገር ማን ነው? እግዚአብሔር የምት ቍጥር አያድልም። ደግሞም የቬንቱሪ ድል ብዙ አልቈየም። ወዲያው የሁለት እጆቹ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር፤ በቀዶ ሕክምና ቢታከምም ቀድሞ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። የመጨረሻውን ድል በ1966 በተወለደበት ከተማ አግኝቶ ቀስ በቀስ ከሜዳ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን ሠርቶ ኖረ ቢሉ፣ ከ1968 እስከ 2002 ድረስ በቴሌቪዥን ስለ ጎልፍ እየተናገረ ኖረ! አጥርቶ አይናገርም የተባለው ልጅ 35 ዓመት በአንደበቱ እንጀራ በላ። በሜይ ወር 2013 በ82 ዓመቱ ሞተ። ምናልባት እኒህ አባወራ ከቴሌቪዥኑ የሚሰሙት ድምፅ የእርሱን ወንበር የወረሰ ሰው ድምፅ ይሆናል።

አባወራው ሹፌር ስለ ሆኑ የቤን ሆጋንን ነገር ሳንነግራቸው ማለፍ አይገባንም። ሆጋን ከጎልፍ ታላላቆች አንዱ ነው። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 በቴክሳስ ግዛት ከሚስቱ ጋር በመኪና ሲሄድ፣ በጉም ውስጥ ሌላ መኪና ሊቀድም የወጣ አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጨው። ሆጋን በዚያች ቅጽበት ሚስቱን ለመከለል በላይዋ ተወረወረ። እሷ ተረፈች፤ መሪው መቀመጫውን ወግቶ ስለ ነበር እርሱንም ያተረፈው ይኸው መወርወሩ ነው። የዳሌውና የቍርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰበረ፤ መራመዱም አጠራጠረ። ነገር ግን ከ16 ወር በኋላ እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ።

ይህን ታሪክ ለታመመ ሰው «ሆጋን ተነሥቷል፤ አንተስ ለምን አትነሣም?» እያሉ የሚያወሩ አሉ። ይህ ጭካኔ ነው። ሆጋን ተነሣ፤ ቦቢ ጆንስ ግን አልተነሣም። ጆንስ በ1930 በዚያ ዘመን ታላላቅ የነበሩትን አራት ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ ሰው ነው። በ1948 የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ጅማት የሚጎዳ በሽታ ያዘው። መጀመሪያ በምርኵዝ፣ ኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1971 እስኪሞት ድረስ አልዳነም። ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣበት ነገር ግን የተሸነፈበት አንድ ቀን ነው። ለእኒህ አባወራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ይህ ይመስለናል።

በ1925 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ሜዳ ብሔራዊው ውድድር ይደረግ ነበር። ጆንስ በረጅም ሣር ውስጥ ያለውን ኳስ ሊመታ በትሩን ሲያስተካክል ኳሱ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ጆንስ ግን በራሱ ላይ ተናገረ። ዳኞቹ ቢጠይቁ ማየቱን የሚመሰክር ስላጡ ነገሩን ለእርሱ ፍርድ ተዉት፤ እርሱም በራሱ ላይ አንድ ምት እንዲቈጠርበት አደረገ። በውድድሩ መጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ያች አንዲት ምት ባትቈጠር ኖሮ አሸናፊ ነበር። በመለያው ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ቢያመሰግኑት፣ ባንክ አልዘረፍህም ተብሎ እንደ መመስገን ያህል አድርጎ ቈጠረው።

እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ነገር እናያለን። ጆንስ በራሱ ላይ የቈጠረው አንድ ምት ነው። ሁለት አልቈጠረም፤ በትሩን ሰብሮም ወደ ቤቱ አልሄደም። ጥፋቱን ተናገረ፤ ተጻፈበት፤ ከዚያም ኳሱን ከነበረበት ቦታ መታ። የንስሐ ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ከዚህ እጅግ የጠለቀ እንደ ሆነ ማንም አይስተውም፤ እዚያ የሚሰጠው ይቅርታ ሲሆን በሜዳው ላይ የሚሰጠው ቅጣት ብቻ ነውና። ነገር ግን ካህኑም ቀኖና ሲሰጥ ልክ ያለው ነገር ይሰጣል፤ የአርባ ቀን ከሆነ በአርባ ቀን ያልቃል። ልክ የሌለው ቀኖና የሚሰጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ራሱን የሚቀጣ ሰው ብቻ ነው።

እመቤት ሆይ፣ ያን ሌሊት በመንገዱ ላይ የሆነውን እኛ አናውቅም፤ እርስዎም አላዩም። እንቅልፍ አሸንፏቸው ይሁን፣ መንገዱ አንሸራቷቸው ይሁን፣ ባለመኪናው ሳያርፉ እንዲነዱ አስገድዷቸው ይሁን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በደብዳቤዎ ውስጥ ረዳታቸውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም እንዳሉ ጽፈዋል። ልባቸው ያለው እዚያ እንደ ሆነ እንገምታለን። ስለዚህ ቤት ውስጥ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» እያላችሁ አታስጨንቋቸው፤ ይህን ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘጉ ይሆናል። ጥፋት ካለም ልክ ያለው ጥፋት ነውና፣ ለነፍስ አባታቸው ይናገሩት ዘንድ በሩ ይከፈትላቸው። ያን ልጅም ይጥሩት፤ ቡና ተፈልቶ ይቀመጥ። እንዴት እንደሚጀመር ካላወቁ ጎልፉን አብረው ይዩ፤ ሁለቱም ሕጉን ስለማያውቁ የሚጠያየቁት አያጡም።

ለጽዋ ማኅበሩ አባላትም አንድ ቃል አለን፤ ይህን ገጽ ከእነርሱ መካከል የሚያነብ አይጠፋምና። ተራው ለሌላ ይሰጥ ብለው በላኩ ጊዜ ተቀብላችሁ ዝም ብላችኋል። በሚመጣው ወር ጽዋውን ተሸክማችሁ ወደ እሳቸው ቤት ብትሄዱ፣ ዳቦውንም እናንተው ብታስጋግሩ የሚከለክል ሥርዓት ያለ አይመስለንም። የማይነሣ ሰው ወዳለበት መሄድ የሚነሡት ሰዎች ሥራ ነው።

የነፍስ አባታቸው ደግሞ ደጋግመው መጥተው ፊት ተነሥተዋል። አባታችን ሆይ፣ በርኖሱን ለብሶ ደጅ ከመቆም ይልቅ ደብዳቤ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የተኛ መስሎ የሚሰማ ሰው ማንም በሌለበት ሰዓት ወረቀት ገልጦ ያነባል። እርስዎ ቢጽፉለት፣ ስድስት ገጽ ባይሞላ አንድ ገጽ ይሁን፤ እመቤቲቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጡታል።